በዶክተር ጽጌ ልብ የተመረጠው ማዳመጫ

ዶክተር ጽጌ ማረፋቸውን የሰማሁት ጠዋት፣ ከየካ አባዶ ወደ መገናኛ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተጠቅጥቄ ነው። የደወለችልኝ ራሄል ናት። ራሄል የክሊኒካችን ካርድ ክፍል ሠራተኛ ስትሆን፣ ጠዋት የምትደውለው ብዙ ጊዜ «ዶክተር ቤቲ፣ ሰው በዝቷል፣ የት ደረስሽ?» ለማለት ነው። ስለዚህ ገና ስልኩን ሳነሳ «መጣሁ እባክሽ፣ ክንፍ የለኝ» አልኳት። እሷ ግን ቀስ ብላ ዶክተር ጽጌ አልጋቸው ላይ አርፈው መገኘታቸውን ነገረችኝ። በግራ ጎናቸው ተኝተው ነበር አሉ። የሕክምና ማዳመጫቸው ጆሯቸው ላይ እንደተሰካ፣ ሌላው ጫፉ ደግሞ የራሳቸው ደረት ላይ ነበር።

«ምን ሊሰሙ?» አልኩ። ነፍስ ይማር እንኳ ሳልል መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ይሄ ነው። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ዘወር ብለው አዩኝ፤ ዐይኔ እንባ ሞልቶ ነበር መሰለኝ «አይዞሽ ልጄ» አሉኝ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። እኔ የመንፈስ፣ የሕልም፣ የሟርት ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ። ሐኪም ነኝ፤ በዚያ ላይ ግልፍተኛ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ወሬ ይዞ የሚመጣ በሽተኛ ሲገጥመኝ ራሴን በግድ ይዤ ነው የምሰማው። የዶክተር ጽጌን ነገር ግን ልክ እንደሆነው ነው የማወራው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው።

ዶክተር ጽጌ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነበሩ። ስልሳን አልፈዋል፣ አጭርና ቀጭን ሴት ናቸው፣ ሽበታቸውን ወደ ኋላ ሹሩባ ይሠሩታል። የጫማቸው ሶል ለስላሳ ጎማ ስለሆነ ሲመጡ አይሰማም፤ ስልክሽን ስትጎረጉሪ ቆይተሽ ቀና ስትዪ አጠገብሽ ቆመው ታገኚያቸዋለሽ። ስንት ጊዜ አብሬያቸው ሠርቼ እንኳ መደንገጤን አልተውኩም። ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። በሽተኛ ገብቶ የሕመሙን ታሪክ ከልጅነቱ ሲጀምርላቸው፣ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ወደ ደረቱ ያሳዩና «አንተ ትንሽ ዕረፍ፣ እሱ ይንገረኝ» ይላሉ።

ክሊኒካችን ሲኤምሲ መንገድ ላይ ነው፤ ባቡሩ ከፊታችን ያልፋል። ዶክተር ጽጌ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ካደረጉ፣ ባቡሩ እስኪያልፍ ድረስ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ፣ በሽተኛውም አስታማሚውም፣ ባለበት ቀጥ ማለት አለበት። መብራት ሲጠፋ ደግሞ እኛ ስንነጫነጭ የእሳቸው ፊት ይበራል። ማራገቢያው፣ የላቦራቶሪው ማሽን፣ የመጠበቂያ ክፍሉ ቴሌቪዥን አንድ ላይ ጸጥ ሲሉ፣ ጥበቃችንን ጋሽ ደምሴን «ጄኔሬተሩን ትንሽ አቆዩልኝ» ይሏቸዋል። ከዚያ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከክፍል ክፍል እየዞሩ ያዳምጣሉ። በሽታው የታወቀለትን ሰው እንኳ ተመልሰው ያዳምጡታል። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ምን እንደነካው ሳያውቅ ትንፋሹን ሲያፍን አይቻለሁ።

እኔ ክሊኒኩ ስቀጠር አዲስ ማዳመጫ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ነው የሄድኩት። ቱቦው ረጅም፣ ቀለሙ ሮዝ፣ ብረቱ ወርቅ የሚመስል፣ ለሰልፊ አንደኛ የሆነ ነገር ነበር። ዶክተር ጽጌ ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ «ማን መረጠልሽ?» አሉኝ።

«ራሴ ነኝ።»

«በምን መረጥሽው?»

በቀለሙ ማለት አፈርኩና «ጥሩ ነው ሲሉ ሰምቼ» አልኩ።

«በይ ነይ፣ እኔን ስሚኝ።»

በሩን ዘጉ፣ ስልኬን አስጠፉኝ፣ የምርመራ አልጋው ላይ ወጡና በግራ ጎናቸው ጋደም አሉ። ባቡር እስኪያልፍ ጠበቅን። ደረታቸው ላይ አድርጌ አዳመጥኩ። ዱብ ዱብ፣ ዱብ ዱብ፣ የተስተካከለ ልብ ነው። «ንጹህ ነው» አልኩ በሙሉ ልብ።

«እንግዲህ በዚህ ማዳመጫ ከሆነ ጤነኛ ነኝ» አሉና የራሳቸውን ሰጡኝ። ጥቁር፣ ቱቦው አጠር ያለ፣ የጆሮው ጎማ ለስላሳ፣ ለዐይን ምንም የማይስብ ማዳመጫ ነው። ባለ ሁለት ፊት ነበር፤ ሰፊው ፊት ለቀጭን ድምፅ፣ ሌላዋ ትንሽ ጽዋ የመሰለችው ደግሞ ለወፍራም ድምፅ። «በትንሿ አድርጊው። እንዳትጫኛት፣ እንደ ዝንብ አሳርፊያት» አሉኝ። አሳረፍኳት።

ያኔ ሰማሁት። ከዱብታው ሥር የሆነ ነገር ያጉረመርማል። ሩቅ ዳገት ላይ የጭነት መኪና ሲያጓራ እንደሚሰማው ነው፤ ይነሳል፣ ይደክማል፣ እንደገና ይነሳል። የልብ ቫልቭ ጥበት ነው፤ በልጅነት ሳይታከም የቀረ የጉሮሮ ሕመም ልብ ላይ አርፎ የሚያመጣው በሽታ። ተማሪ ሆኜ በቅጂ ሰምቼዋለሁ፤ እንዲህ ጥርት ብሎ ግን ሰምቼው አላውቅም። የክንዴ ፀጉር ቆመ። በሽታ መስማት ሥራዬ ነው፣ አልፈራም፤ ይሄን ግን ፈራሁት፤ ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ አላወቅኩም።

«ዶክተር፣ ይሄ እኮ ከባድ ነው። ታይተዋል?»

«ስለ እኔ ማን ጠየቀሽ? ስለ ማዳመጫው ነው የማወራው» አሉና ጫማቸውን አጠለቁ።

በዚያው ሰሞን ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ወዳለ የሕክምና ዕቃ ሱቅ ይዘውኝ ሄዱ። ባለሱቁ ያውቃቸዋል፤ ገና ሲያያቸው ሙዚቃውን አጠፋና በሩን ገርበብ አደረገ። ዶክተር ጽጌ ለሽያጭ በቀረበ የሆስፒታል አልጋ ላይ፣ ላስቲኩ እንኳ ሳይነሳለት፣ በግራ ጎናቸው ተኙ። እኔ ተንበርክኬ ማዳመጫዎቹን አንድ በአንድ እሞክራለሁ። የአንዱ ቱቦ ከመርዘሙ የተነሳ ድምፁን ይበላዋል። አንዱ ጆሮዬን ሲጨምቀኝ ራሴን አመመኝ። አንዱ ላይ የታወቀ ስም ታትሞበታል፣ ግን ፎርጅድ ነው፤ ትንሿ ጽዋ ለጌጥ የተለጠፈች ድፍን ብረት ነበረች። «ይሰማል?» ይሉኛል። «ትንሽ» እላለሁ። «ትንሽ የሚባል የለም። ወይ አለ፣ ወይ የለም።» ባለሱቁ ይሄን ሁሉ ጊዜ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል። ምን ሆነህ ነው ስለው፣ «አንዴ አሰምተውኛል፣ ይበቃኛል» አለኝ። በመጨረሻ አንዱ ጥርት አድርጎ አሰማኝና እሱን ገዛሁ። ዛሬም የምሠራው በእሱ ነው።

እኔ ብቻ አይደለሁም። ክሊኒካችን ውስጥ ያለ ሐኪም ሁሉ ማዳመጫውን የመረጠው በዶክተር ጽጌ ደረት ነው። የእሳቸውን ልብ ያላሰማ ማዳመጫ የማንንም ልብ አያሰማም ይሉ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኛል። እንዲያ የሚያጓራ ልብ ያለው ሰው ደረጃ ሲወጣ ማለክለክ አለበት። ዶክተር ጽጌ ግን ሊፍት ሳይጠብቁ አራተኛ ፎቅ ይወጣሉ፤ እኔ፣ በዕድሜ ልጃቸው የምሆነው፣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ከኋላ እጎተታለሁ። እንዴት ነው ነገሩ ስላቸው «አንቺ ክትፎ ቀንሺ» ይሉኛል።

ሌላም አመል ነበራቸው። ሻይ ሰዓት ላይ ጠረጴዛውን በጣታቸው ይመታሉ። መጀመሪያ ዝም ብሎ የእጅ ልማድ መስሎኝ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ፤ የሚመቱት የበሽተኞቻቸውን ልብ ነው። አንዱ ይሮጣል፣ አንዱ ይዘላል፣ አንዱ መትቶ መትቶ ያርፋል። «ይሄ ሾላ ገበያ በርበሬ የሚሸጡት የእማማ አስካለ ነው» ይሉኛል። «እማማ አስካለ እኮ አምና አረፉ» እላለሁ። «አውቃለሁ» ብለው መምታታቸውን ይቀጥላሉ። ሻዬን ይዤ ወደ ውጭ የወጣሁባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው።

ሰው የምር እሳቸውን መፍራት የጀመረው ግን በጋሽ ደምሴ የተነሳ ነው። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ፣ ጋሽ ደምሴ እንደተለመደው ጄኔሬተሩን አቆይተው በር ላይ ቆመው ሳለ፣ ዶክተር ጽጌ በጨዋታ መልክ ማዳመጫውን ደረታቸው ላይ አሳረፉት። ጨዋታው ወዲያው ቆመ። ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂዱ ብለው ሪፈር ጻፉላቸው። ጋሽ ደምሴ እየሳቁ ወረቀቱን ኪሳቸው ከተቱት እንጂ አልሄዱም፤ ሳምንት ሳይሞላ ጥበቃ ቤታቸው ውስጥ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ አረፉ። የሪፈሩን ነገር ሁሉም ረሳው። «ዶክተር ጽጌ አዳመጧቸው፣ ሞቱ» የምትለዋ ብቻ ቀረች። ከዚያ ወዲህ ማዳመጫቸውን ሲያይ «እኔ የመጣሁት ለጨጓራዬ ነው» እያለ ሸሚዙን የሚቆልፍ ሰው በዛ። እኔ በንዴት እበግናለሁ፤ እሳቸው ግን ለማንም ምንም አይሉም።

ከሁሉ ይበልጥ የፈራቻቸው ራሄል ናት። ጋሽ ደምሴ እንደ አባቷ ነበሩ፤ ሞተው ያገኘቻቸውም እሷ ናት። ያን ጊዜ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሆዷ ገፍቶ ነበር። ክትትሏን ሰፈሯ ባለው ጤና ጣቢያ ታደርጋለች፤ ደም ግፊቷ ደህና ነው፣ የልጁ ልብ ደህና ነው ይሏታል። ግን ከካርድ ክፍል መድኃኒት ቤት እስክትደርስ መሀል ላይ ግድግዳ መደገፍ ጀመረች። «እርግዝና ነው ባክሽ» ትለኛለች። ላዳምጥሽ ስላት «ማዳመጫሽን ይዘሽ እንዳትጠጊኝ፣ አንቺም የእሳቸው ተማሪ ነሽ» አለችኝ። ተቆጣኋት፣ ለመንኳት፣ አኮረፍኳት። ወይ ፍንክች።

አንድ ቀን በሻይ ሰዓት ዶክተር ጽጌ ጠረጴዛውን አዲስ አመታት መቱት። በጥፍራቸው እንጨቱን ረዘም አድርገው ይጭሩትና በጣታቸው ደግመው ይመታሉ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ይሄ የማን ነው?» አሉኝ።

«የእርስዎ ነዋ።» ወዲያው ነው ያወቅኩት።

«የእኔ አይደለም። አሁን ኮሪደሩ ላይ ሳልፍ ነው የሰማሁት።»

አንገታቸው ላይ ማዳመጫ አልነበረም። ኮሪደሩ ላይ የነበረችው ደግሞ ግድግዳ ተደግፋ የቆመችው ራሄል ብቻ ናት። እንዲህ ያለ ነገር አልወድም ብያችኋለሁ። ቢሆንም ሻዬን አስቀምጬ ራሄልን ልጠራት ወጣሁ።

ክፍል አስገብተን አስቀመጥናት። ማዳመጫውን ስታይ ሆዷን በሁለት እጇ ሸፍና ማልቀስ ጀመረች። «ዶክተር፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ አያዳምጡኝ። ልጄን ልውለድ» አለች። ልጮኽባት አፌን ስከፍት ዶክተር ጽጌ በእጃቸው ከለከሉኝ።

«እሺ፣ አላዳምጥሽም» አሏት። «አንቺ እኔን ስሚኝ።»

ልክ በዚያ ሰዓት መብራት ጠፋ። ሲኤምሲ ላይ መብራት ለመጥፋት ምክንያት ስለማይፈልግ ምንም ትርጉም አልሰጠሁትም። ዶክተር ጽጌ በግራ ጎናቸው ተኙ። ማዳመጫውን ራሄል ጆሮ ላይ አደረግኩላትና ትንሿን ጽዋ እኔ ራሴ ደረታቸው ላይ ያዝኩላት። መጀመሪያ ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። ቀጥሎ ግንባሯን ቋጠረች። ወደ ሆዷ አየች፣ ከዚያ ወደ እጄ አየች፣ ከዚያ ወደ ዶክተር ጽጌ ፊት። ብዙ ቆየች። ድንገት ማዳመጫውን ከጆሮዋ መንጭቃ አወጣችው። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

«እሺ» አለች። «እሺ፣ ያዳምጡኝ። አሁኑኑ።»

ያን ቀን የመሰለኝ በዶክተር ጽጌ ልብ ደንግጣ ነው። በሽታው ሲጮኽ በጆሮዋ ሰምታ ለራሷ ፈራች ብዬ ነው። ዶክተር ጽጌ ዐይናቸውን ጨፍነው ረጅም ጊዜ አዳመጧትና «ቤተልሔም፣ ነይ» አሉኝ። ሰማሁት። ያው ድምፅ ነው፣ ያው ማጓራት። በሁለት ሰው ደረት ውስጥ የተለያየ ነው ብሎ የሚለይ ጆሮ ያለ አይመስለኝም።

ራሄል ማንም ሳያውቅላት በልጅነቷ ልቧ ተጎድቶ ነበር። እርግዝናው የጠበበውን ቫልቭ ይባስ አስጨንቆታል። በሽታው ሳይታወቅ ምጥ ቢይዛት ኖሮ እሷም ልጇም አይተርፉም ነበር። ዶክተር ጽጌ በራሳቸው መኪና ልብ ሐኪም ዘንድ ወሰዷት፤ በልብ አልትራሳውንድ ተረጋገጠ፣ መድኃኒት ተጀመረላት፣ ሆስፒታል ተኝታ ልብ ሐኪሞች አጠገቧ ሆነው ወለደች። ሴት ልጅ ናት፣ ሶልያና። ሁለቱም ደህና ናቸው። እኔ የዚያን ቀን ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ከደስታ ነው።

ከዚያ በኋላ ዶክተር ጽጌ ተለወጡ። አዲስ የተቀጠረ ሐኪም ማዳመጫውን ይዞ መጥቶ ወደ እሳቸው ስልከው፣ መልሰው ሰደዱት። «ከእንግዲህ በሌላ ሰው ሞክሩ። የእኔ ዝም ብሏል» አሉኝ። «ቫልቭ ዝም አይልም፣ ዶክተር» ብዬ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ሻይ ሰዓት ላይም ጠረጴዛ መምታት ተዉ፤ እጃቸውን ዘርግተው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። አንዳንዴ በራቸውን ሳላንኳኳ ስገባ ማዳመጫውን የራሳቸው ደረት ላይ አድርገው፣ የጠፋ ሰው እንደሚጠብቅ ሆነው አገኛቸዋለሁ። ጥቂት ቆይተው ሥራውን ለቀቁ። በዓል ሲደርስ እደውልላቸው ነበር።

ለቅሶው ላይ፣ ሲኤምሲ ቤታቸው በር ላይ በተተከለው ድንኳን ውስጥ፣ ታናሽ ወንድማቸው አቶ ኪሮስ አጠገብ ተቀመጥኩ። አቶ ኪሮስ ነጋዴ ናቸው፣ እህታቸውን ቁርጥ ናቸው። «ያ ልባቸው ነው አይደል? ስንት ጊዜ ይታዩ ብዬ ለምኛቸዋለሁ» አልኳቸው።

«ልቧ?» አሉ። «ልቧማ ደህና ነበር። ስኳሯ ነው ይላሉ። ልብ ሐኪም ዘንድ በየዓመቱ የምወስዳት እኔ ነኝ። ማሽኑ ምንም የለብሽም ይላታል፣ እሷ ትበሳጫለች፣ በዓመቱ ደግሞ እንሄዳለን።»

«አይሆንም» አልኩ። «እኔ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ክሊኒኩ ውስጥ ያለ ሐኪም ሁሉ ሰምቶታል።» ይሄን እያልኩ አራተኛ ፎቅ የሚወጡበት ያ ደረጃ ትዝ አለኝ።

አቶ ኪሮስ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «እሷ ለተብርሃን ናት፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው።

ለተብርሃን የሁለቱ እህት ነበረች። ዶክተር ጽጌ ገና ተመርቀው ትግራይ ገጠር ጤና ጣቢያ ሲሠሩ፣ ለተብርሃን እርጉዝ ሆና፣ መውለጃዋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ደከመኝ ብላ መጣች። ጤና ጣቢያው ያለችው ማዳመጫ አንድ ብቻ ናት፤ ባለ አንድ ፊት፣ ቱቦዋ ተሰንጥቆ በፕላስተር የተጠቀለለ። ዶክተር ጽጌ አዳመጡና «ልብሽ ንጹህ ነው፣ ድካሙ የእርግዝና ነው» አሏት። ምጥ ሲጀምራት ልቧ አልቻለም። ልጇ በሆዷ እንዳለ ሞተች።

«ከቀብሩ ከተመለስን ጀምሮ ጽጌ 'ደረቴ ውስጥ ትሰማኛለች' ትል ነበር» አሉኝ አቶ ኪሮስ። «ሐዘን ነው ብለን ተውናት። ከአምና ወዲህ ደግሞ 'ለተብርሃን ሄደች' ትለኝ ጀመር። ከሄደች እኮ ዘመን ሆናት እላታለሁ። 'አይ ኪሮስ፣ አሁን ነው የሄደችው' ትላለች። ቤቱ ጭር አለብኝ ትል ነበር። ማዳመጫውን ይዛ ስትፈልጋት ነው የምትውለው።»

ይሄን ብለው ለቅሶ ደራሽ ሊቀበሉ ተነሱ። እኔ እዚያው ቀረሁ። አዘንኩላቸው፤ ያን ሁሉ ዘመን ለማን ብለው ያንን ድምፅ ለእኛ እንዳሰሙን ገባኝ። ፈራሁም። በእጄ ይዤ ያዳመጥኩትን ነገር ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም ነበር።

ራሄል ሶልያናን አዝላ መጣችና አቶ ኪሮስ በተነሱበት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ያወራነውን አልሰማችም፤ ስለ ለተብርሃን የሚነግራት ሰውም አልነበረም።

«ዶክተር ቤቲ» አለችኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ። «አንድ ነገር ልንገርሽና አብደሻል እንዳትዪኝ።»

«ዛሬ ማንንም አልልም።»

«ያን ቀን እሳቸውን ሳዳምጥ ሁለት ልብ ነው የሰማሁት።»

ወደ እሷ ዞርኩ።

«ትልቁ ያው የሚያጓራው ነው። ከሥሩ ግን ሌላ ትንሽዬ ነበረች፣ ፈጣን፣ ጤና ጣቢያ የልጅሽ ነው እያሉ የሚያሰሙኝን የመሰለች። የእኔዋ መስላኝ ሆዴን አየሁ። ግን ማዳመጫው እሳቸው ደረት ላይ ነው፣ አንቺው ነሽ የያዝሽው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ትንሿ ቆመች» አለች። «ትልቁ ትንሽ ብቻውን ሄደና እሱም ቆመ። ምንም የለም፣ ጭጭ። እሳቸው ግን ዐይናቸውን ገልጠው እያዩኝ ነበር። ለዚያ ነው እሺ ያልኩት።»

ሰው ወንበር እየጎተተ ይገባል። ሶልያና እናቷ ጀርባ ላይ ነቅታ ተነጫነጨች። ልጅቷን ፈታ እንድትሰጠኝ ራሄልን ጠየቅኳት። ታቅፌያት ተቀመጥኩ። ልቧ በሹራቧ ውስጥ መዳፌን ይመታኝ ነበር፤ እንቅልፍ ከወሰዳት በኋላም እጄን ከዚያ አላነሳሁም።